ከላፕቶፑ በፊት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መምረጥ



«ማራገቢያ የሌለው፣ ቀጭን፣ ባትሪው ረጅም ሰዓት የሚቆይ ላፕቶፕ 200 ዶላር አካባቢ ይሸጣል፤ ገዝቼው ምን ልጫንበት?» የሚል ጥያቄ ከተማሪም ከወላጅም ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። የገዛችሁት በኢንቴል ወይም በኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚሠራውን የለመድነውን ላፕቶፕ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ጥገና ቤት ወስዳችሁ «ዊንዶውስ ጫንልኝ» ትላላችሁ፤ ልጁ ፍላሹን ይሰካል፣ ፎርማት ያደርጋል፣ ከሰዓት ተመልሳችሁ ትወስዳላችሁ። ካልተመቻችሁ በሌላ ቀን ሌላ ታስጭናላችሁ። በአርም ፕሮሰሰር የሚሠራው ርካሽ ላፕቶፕ ግን ይህን ልማድ አይቀበልም። ያንኑ ፍላሽ ብትሰኩበት እንዳላየ ያልፈዋል።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው። የአርም ላፕቶፕ ሲሆን መጀመሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ምረጡ፤ ማሽኑን የምትፈልጉት ከዚያ በኋላ ይሁን። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና ከገዙ በኋላ መጨነቅ ዋጋ የለውም። ለምን እንዲህ እንደሆነ፣ ምርጫዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ፣ ለማን የትኛው እንደሚበጅ በየተራ እናያለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርም ከየት መጣ?

አርም የተወለደው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ውስጥ ነው። አኮርን በሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት የመጀመሪያው ቺፕ በኤፕሪል 1985 ሥራ ጀመረ። ቡድኑ ትንሽ ስለነበር ንድፉም ቀላል እንዲሆን ተገደደ፤ ቀላልነቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ አደረገው። በኖቬምበር 1990 አኮርን፣ አፕልና ቪኤልኤስአይ ቴክኖሎጂ ተባብረው ንድፉን የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው ቺፕ አምርቶ ከመሸጥ ይልቅ ንድፉን በፈቃድ ለሌሎች መስጠትን መተዳደሪያው አደረገ።

ኳልኮም፣ ሚዲያቴክ፣ ሳምሰንግ፣ ሮክቺፕ፣ ኦልዊነርና ሌሎችም ፈቃዱን ይገዛሉ። ከዚያ የየራሳቸውን የምስል፣ የድምፅና የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ጨምረው ሁሉንም በአንድ ቺፕ ላይ ያሰፍሩታል። በኪሳችሁ የያዛችሁት ስልክም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ላፕቶፑ የሚረክስበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ለስልክ፣ ለታብሌትና ለቴሌቪዥን ሳጥን በገፍ የሚመረት ቺፕ ኪቦርድና ስክሪን ተገጥሞለት ይቀርባል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው፤ ለኢንቴል ተብሎ የተዘጋጀ ፕሮግራም አርም ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ ፕሮሰሰሮቹ የሚያውቋቸው ትእዛዞች የተለያዩ ናቸውና። ሁለተኛው ግን እምብዛም አይነገርም፤ ገዢውን በብዛት የሚጎዳውም እሱ ነው።

ካርታ የሚጠይቅ ቤት

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወደ ማሽን ሲገባ ቤቱን እንደማያውቅ እንግዳ ነው። በኢንቴል ማሽን ላይ በር ላይ የሚቀበለው ባለቤት አለ፤ ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ የሚባለው በቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሶፍትዌር ነው። ስክሪኑ እዚህ፣ ዲስኩ እዚያ፣ ባትሪው በዚህ በኩል እያለ ያስረዳዋል። በአብዛኞቹ ርካሽ የአርም ማሽኖች ግን እንዲህ የሚያስረዳ የለም፤ እንግዳው የቤቱን ካርታ ራሱ ይዞ መምጣት አለበት። ካርታው ዲቫይስ ትሪ ይባላል። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ዕቃ ጋር እንደተገናኘ የሚገልጽ ትንሽ ፋይል ነው። አንድ ዓይነት ቺፕ የተገጠመላቸው ሁለት ላፕቶፖች እንኳ ቦርዳቸው ከተለያየ የየራሳቸው ፋይል ያስፈልጋቸዋል። የተሳሳተ ፋይል የያዘ ሲስተም ስክሪኑን ጨለማ አድርጎ ይቀራል፤ ወይም ተነስቶ ድምፅና ዋይፋይ አጥቶ ይገኛል።

ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ሰዎች ይህን ችግር ቀድመው ቀምሰውታል። የእያንዳንዱ የአርም ቦርድ ዝርዝር በከርነሉ (በሲስተሙ ልብ) ኮድ ውስጥ ይጻፍ ስለነበር ኮዱ አበጠ፤ በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በይፋ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ከኮዱ እየወጣ በዲቫይስ ትሪ መጻፍ ጀመረ። በዲሴምበር 2012 የወጣው ሊኑክስ 3.7 ደግሞ አንድ ከርነል ብዙ ዓይነት የአርም ቺፖችን እንዲያስነሳ መንገድ ከፈተ።

መንገዱ ቢከፈትም ሥራውን የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። አንዳንዱ ቺፕ አምራች አንድ የቆየ ከርነል ይወስዳል፤ ለራሱ ቺፕ አስተካክሎ ያወጣና ወደ ቀጣዩ ምርት ይሄዳል። ለምሳሌ ፓይን64 የተባለው ኩባንያ በ2017 ለገበያ ያቀረበው የ89 ዶላሩ ፓይንቡክ ኦልዊነር ኤ64 ቺፕ ነበረው፤ መጀመሪያ ላይ የተነሳውም ቺፕ አምራቹ ባዘጋጀው 3.10 ከርነል ነው። የዚያ ከርነል የረጅም ጊዜ ድጋፍ ግን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አብቅቷል። አዲስ ማሽን፣ ጡረታ የወጣ ከርነል ማለት ነው። በኋላ ያዳነው የበጎ ፈቃድ ፕሮግራመሮች የኦልዊነር ኤ64 ድጋፍን ከዋናው የሊኑክስ ኮድ ጋር ማዋሃዳቸው ነው።

እንግዲህ የአርም ላፕቶፕ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መምረጥ የመስኮቱን ቀለምና የምናሌውን ቅርጽ ከመምረጥ ይለያል። የምትመርጡት ጠባቂ ነው፤ ለዚህች ማሽን ከሦስት ዓመት በኋላም የደኅንነት ማስተካከያ የሚያወጣው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በእጃችን ይዘን ሦስቱን መንገዶች እንያቸው።

አንደኛው መንገድ፦ ዊንዶውስ

ዊንዶውስ በአርም ላይ ክፉ ትዝታ አለው። ማይክሮሶፍት በ2012 ሰርፌስ አርቲ የተባለውን ማሽን በ499 ዶላር መነሻ ዋጋ አወጣ። ሲያዩት ዊንዶውስ ነው፤ ሰዎች ለዓመታት የተጠቀሙባቸውን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ግን አያስጭንም። የማስነሻ ሶፍትዌሩም ስለተቆለፈ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልጫንበት ማለት አይቻልም ነበር። በጁላይ 2013 ኩባንያው በዚህ ምርት ሳቢያ 900 ሚሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ። ድጋፉ በጃንዋሪ 2023 ሲቆም የማሽኑ ስክሪንና ኪቦርድ ገና ደህና ነበሩ፤ ባለቤቶቹ ግን በይፋ የሚጭኑበት ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

የዛሬው ዊንዶውስ ከዚያ ብዙ ተሻሽሏል። ከ2017 ጀምሮ ለኢንቴል የተሠሩ ባለ32 ቢት ፕሮግራሞችን እየተረጎመ ያስኬዳል፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ64 ቢቶቹን ጨመረ። ትርጉሙ ግን ሜሞሪና ጉልበት ይበላል። ሳምሰንግ በ2021 በ349 ዶላር መነሻ ዋጋ ያወጣው ጋላክሲ ቡክ ጎ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ ይመጣ ነበር። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ የሚጠይቀው ያንኑ ያህል ነው፤ ስለዚህ ለትርጉሙ ሥራ የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በ2024 የመጡት የኳልኮም ስናፕድራጎን ኤክስ ቺፕ ያላቸው ማሽኖች በርግጥ ፈጣኖች ናቸው፤ ሲወጡ ዋጋቸው 1,000 ዶላር አካባቢ ስለነበር ግን ከዛሬው ርዕሳችን ይወጣሉ።

አንድ ነገር በደንብ ልብ በሉ። ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ይተረጉማል፤ ድራይቨሮችን ግን አይተረጉምም። ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር፣ በሲስተሙ ልብ ውስጥ ስለሚገባ ለአርም ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። አገራችን ውስጥ በፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ፕሮግራሙ ቢከፈትለት እንኳ፣ የቆየው ፕሪንተር፣ የጣት አሻራ ማንበቢያው ወይም የፕሮግራም ፈቃድ የያዘው በዩኤስቢ የሚሰካ ቁልፍ የአርም ድራይቨር ከሌለው ሥራው እዚያው ይቆማል። እንዲህ ላለው ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ በዚሁ ዋጋ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ የኢንቴል ላፕቶፕ ይግዛ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ሁለተኛው መንገድ፦ ክሮምኦኤስ

ርካሽ የአርም ላፕቶፕን ለብዙ ሰው ያደረሰው በክሮምኦኤስ የሚሠራው የጉግል ክሮምቡክ ነው። በኦክቶበር 2012 ሳምሰንግ በ249 ዶላር ያወጣው ማሽን በአርም ቺፕ የሚሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚዲያቴክና የኳልኮም ቺፕ ያላቸው ብዙ ሞዴሎች ተከትለዋል። ለጥያቄያችን ክሮምኦኤስ ግልጽ መልስ አለው፤ ጠባቂው ጉግል ነው፤ የጥበቃው ማብቂያ ቀንም አስቀድሞ ይታወቃል። በሴፕቴምበር 2023 ጉግል ከ2021 ጀምሮ የወጡ ሞዴሎች አሥር ዓመት ሙሉ ዝመና እንደሚያገኙ አሳውቋል።

አሥሩ ዓመት የሚቆጠረው ግን እናንተ ከገዛችሁበት ቀን ሳይሆን የማሽኑ መሠረተ ንድፍ ለገበያ ከወጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ክሮምቡክ ስትገዙ የሞዴሉን የዝመና ማብቂያ ቀን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

አሜሪካ ካለ ዘመድ ክሮምቡክ ለሚላክላችሁ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ትምህርት ቤቶችና ድርጅቶች ማሽኖቻቸውን በአስተዳዳሪ ሥር ያስመዘግባሉ፤ አርጅተው ሲሸጡ ምዝገባው ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን ማሽን ሙሉ በሙሉ ብታጸዱት እንኳ ኢንተርኔት እንዳገኘ ተመልሶ የቀድሞ ባለቤቱን ይጠራል። የመግቢያው ገጽ ላይ ማሽኑ በሌላ ተቋም እንደሚተዳደር የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ፣ ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት ሻጩ ምዝገባውን እንዲያስነሳ ይጠይቅ። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የጥገና ባለሙያ የሚያደርገው ብዙ ነገር የለም። «እንግዲያው ዊንዶውስ እንጫንበት» የሚላችሁም ካለ፣ ለአርም ክሮምቡክ ያ መንገድ የለም።

ክሮምኦኤስ ለተማሪና ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል። ሰነድ ያለ ኢንተርኔት መጻፍ ይቻላል፤ ይህ እንዲሆን ግን ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ያንን አማራጭ አስቀድሞ ማብራት ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ሞዴሎች የአንድሮይድ አፖች ይሠራሉ፤ በውስጡም ዴቢያን ሊኑክስን ከፍቶ እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉ ፕሮግራሞችን መጫን ይቻላል። የማይወደድበት ነገር ቢኖር ሁሉ ነገር በጉግል አካውንት በኩል የሚያልፍ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሊኑክስ

ሊኑክስን በአርም ላፕቶፕ ላይ ለማየት ፓይንቡክ ፕሮ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2019 በ199 ዶላር የወጣ፣ 14 ኢንች ስክሪን፣ ሮክቺፕ አርኬ3399 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ላፕቶፕ ነው። ሻጩ ፓይን64 ዕቃውን ይሸጣል፤ ሶፍትዌሩን የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው። መጀመሪያ የመጣው ዴቢያን ተጭኖበት ነበር፤ በኋላ ማንጃሮ ሆነ። አርምቢያን፣ ፌዶራ፣ ኔትቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲም ይሠሩበታል። ለአንድ የ199 ዶላር ማሽን ይህን ያህል ምርጫ የኖረው በአብዛኛው ዋናው የሊኑክስ ኮድ ስለሚያውቀው ነው። የምስል ክፍሉ ድራይቨር ፓንፍሮስት እንኳ በ2019 በሊኑክስ 5.2 ውስጥ ገብቶለታል።

አጫጫኑን ቀረብ ብለን እንየው። እንደ ኢንቴሉ አንድ የመጫኛ ፋይል ለሁሉም አይሆንም፤ ለዚሁ ላፕቶፕ ተብሎ የተዘጋጀውን የሲስተሙን ምስል (ኢሜጅ) ታወርዳላችሁ። የወረደው ፋይል ሳይጎድል መድረሱን በማረጋገጫ ቁጥሩ ታመሳክራላችሁ፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ይህን መዝለል በኋላ ግማሽ ቀን ያባክናል። ምስሉን በሌላ ኮምፒውተር፣ ኤቸርን በመሰለ ፕሮግራም፣ ማይክሮኤስዲ ካርድ ላይ ትጽፋላችሁ። እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ካደረጋችሁት አይነሳም። ካርዱን ከጎኑ ሰክታችሁ ማብሪያውን ስትጫኑ፣ እንደ ማስነሻ ሶፍትዌሩ ዓይነት፣ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጥቁር ስክሪን ጀርባ ዩ-ቡት የተባለው ማስነሻ ካርዱን እየፈለገ ነው፤ አትደንግጡ፣ ደጋግማችሁም አታጥፉት።

አርኬ3399 ሲነሳ መጀመሪያ በቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ማከማቻ፣ ቀጥሎ ኢኤምኤምሲ የተባለውን የውስጡን ዋና ማከማቻ፣ በመጨረሻ ካርዱን ያያል። ስለዚህ ውስጥ ያለው ማስነሻ ከተበላሸ ካርዱ ጋ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። የላፕቶፑን የታች ክዳን ፈታችሁ ብትከፍቱት ግን ኢኤምኤምሲውን የምታጠፋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ታገኛላችሁ፤ እሷን አጥፍታችሁ በካርዱ ታስነሱታላችሁ። ሌላ ማብሪያ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ የጽሑፍ መልእክት መቀበያ ያደርገዋል፤ ስክሪኑ ባይሠራም በሽቦ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ማሽኑ የት ላይ እንደቆመ ማንበብ ይቻላል። ክፍት ማሽን ስንል እንዲህ ያለውን ማለታችን ነው፤ ሲበላሽ መግቢያ በር አለው።

ሲስተሙን ወደ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ከካርዱ ላይ እያስነሳችሁ ለጥቂት ቀናት ተጠቀሙበት። ዋይፋዩ ይይዛል? የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካ ድምፁ ይቀየራል? ማታ ክዳኑን ዘግታችሁ እደሩና ጠዋት የቀረውን ባትሪ ተመልከቱ፤ በአርም ሊኑክስ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እንቅልፉ ነው። ቪዲዮ ከፍታችሁም እዩ። ቺፑ ቪዲዮ የመፍታት ችሎታ ቢኖረውም ብራውዘሩ ካልተጠቀመበት ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ የምስሉን ጥራት ወደ 720 ማውረድ ግድ ይሆናል።

ከሊኑክሶቹ የትኛው? ለጀማሪና ኢንተርኔትን በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ዴቢያን ይሻላል እላለሁ። በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ ስሪት ያወጣል፤ በመካከሉ የሚልከው በአብዛኛው የደኅንነት ማስተካከያ ስለሆነ ዳታ አይበላም። እንደ ማንጃሮ ያሉት ፕሮግራሙ ሁሉ በታደሰ ቁጥር ስለሚያድሱ ፓኬጅ ይጨርሳሉ፤ ለአንድ ወር ተዘግቶ የቆየ ማሽን ሲከፈት የሚጠይቀው ማውረድ ቀላል አይደለም። ዴቢያን ቀድሞ ለዋይፋይ የሚያስፈልገውን የአምራቾች ፋይል ለብቻ ፈልጋችሁ እንድትጨምሩ ያስገድድ ነበር፤ ከጁን 2023ቱ ዴቢያን 12 ወዲህ ከመጫኛው ጋር አብሮ ይመጣል። አርምቢያን ደግሞ ዴቢያንንና ኡቡንቱን ለአርም ቦርዶች አስተካክሎ የሚያቀርብ ስለሆነ፣ ለማሽናችሁ የተዘጋጀ የዴቢያን ምስል ስታጡ ወደ እሱ ሂዱ።

አማርኛስ?

ለእኛ ዋናው ፈተና እዚህ ነው። ብዙ ጸሐፊ ፓወር ግዕዝን የለመደ ነው፤ እሱ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ደግነቱ የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ አማርኛ ለመጻፍ አንድ ፕሮግራም ብቻ መያዝ ቀርቷል። በሊኑክስ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ሥርዓት ከኤም17ኤን ጋር ትጭኑና አማርኛን ትመርጣላችሁ፤ የላቲኑን ኤስ ስትነኩ ስ፣ ኢ ስትጨምሩበት ሰ ይሆናል። ለፊደሉ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ በአርም ላይ ልክ እንደ ኢንቴሉ ይሠራሉ።

የሚያስቸግሩት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ናቸው። በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ በአዲሱ ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ይታያል። እንዲህ ያለ ማኅደር ያለው መሥሪያ ቤት አሮጌውን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ከማስወገዱ በፊት ሰነዶቹን እዚያው ወደ ዩኒኮድ ይቀይር።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

በተወሰነ የዊንዶውስ ፕሮግራም እንጀራውን የሚበላ ሰው፣ የሂሳብ ባለሙያም ሆነ የአውቶካድ ነዳፊ፣ ርካሽ የአርም ላፕቶፕ አይግዛ። ለልጁ የትምህርት መሣሪያ የሚፈልግና ጥገና የማይሻ ወላጅ ከተቋም ምዝገባ ነጻ የሆነ፣ የዝመና ማብቂያው ገና ሩቅ የሆነ ክሮምቡክ ይግዛ። ኮምፒውተር ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ፣ ፕሮግራመርና በብራውዘርና በሊብሬኦፊስ ሥራው የሚያልቅ ሰው ሊኑክስን ይምረጥ፤ ላፕቶፑን ግን ዋናው የሊኑክስ ከርነል ከሚያውቃቸው መካከል ይፈልግ።

ሻጭ ፊት ስትቆሙ ስለ ስክሪኑና ስለ ባትሪው ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በላዩ ያለው ሲስተም እስከ መቼ ይታደሳል? የሚያድሰውስ ማን ነው? እሱ ቢተወው ሌላ ሲስተም ለመጫን ማስነሻው ክፍት ነው? ሦስቱም ከተመለሱ የ200 ዶላሩ ላፕቶፕ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነው። ሻጩ ካልመለሰላችሁ የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ ወደ ቤት ሂዱና መልሱን ራሳችሁ ፈልጉ፤ እስኪገኝ ድረስ ገንዘቡ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ የላፕቶፓችሁን ሞዴል ስም ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከእናንተ እንጀምር።